የኋላ ሞላ ወግ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደው አስፋልት ለሞተር ሳይክል ደግ ነው። ፈተናው ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ሲታጠፉ ይጀምራል፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ድንጋይ። ከኋላ ሰው ተፈናጥጦ ኬሻ ድንች ሲታከልበት ሾክ አብዞርበሩ እስከ መጨረሻው ይጨፈለቃል፤ ምቱም ለወገብ ይተርፋል።

አድናቆት የሚገባት በሾክ አብዞርበሩ ሞላ ጫፍ ያለችው ባለ እርከን ቀለበት ናት። በመፍቻ ስትዞር ሞላውን አስቀድማ ትጨምቀዋለች። ጭነት ሲበዛ አጥበቅ፣ ባዶ ሲኬድ አላላ! መለኪያው ሜትር ብቻ ነው፦ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከእምብርቱ እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት ይለካል፤ ነጂው ተቀምጦበት እንደገና ይለካል። ልዩነቱ የጎማው ሙሉ እንቅስቃሴ ሲሶ ገደማ ከሆነ ሞላው ተስተካክሏል። ሞላው ይገፋል፣ በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይገታል፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ግን ሞላው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ፋይዳ የለውም።

የኋላ ሾክ በውድድር ሜዳም ቦታ አለው፦ በ1973 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን በ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ባለ አንድ የኋላ ሾክ ያማሃ እየነዳ ነበር። በድንጋይ ላይ በሚካሄደው የትሪያል ውድድርም የኋላው ጎማ ድንጋዩን የሚቆነጥጠው ሞላው በልክ ሲሆን ነው።

የገጠር መንገድ ነጂዎች ሆይ፣ ሞተራችሁ ሁለት የኋላ ሾክ ካለው ከመጫናችሁ በፊት የግራና የቀኙ ቀለበት በአንድ እርከን ላይ መሆኑን እዩ።