ላሳርፍሽ የተባሉት አያት

አማርኛችን ውስጥ እንደ «ማረፍ» ሰውን የሚሸውድ ቃል ያለ አይመስለኝም። ደክሞት የተቀመጠ ሰው አረፈ ይባላል። በእንግድነት ሰው ቤት ያደረም አረፈ ይባላል። አውሮፕላንም ያርፋል። የሞተም ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አረፈ ይባላል። እንግዲህ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ልጅ ደውላ «እማዬ፣ በጣም ደክሞሻል፤ ነይ ላሳርፍሽ» ስትል ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ማረፍ ማለቷ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። እናት በደስታ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት እልል ይላል፣ ፓስፖርት ይወጣል።

ግብዣው የሚመጣበትን ጊዜ ልብ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ያን ያህል ድብቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የእናት ድካም ትዝ የሚለው ሆድ ሲገፋ ነው። ሰፈሩም ይህን ያውቃል። «ለዕረፍት ሄዱ» አይልም፤ «ልጃቸውን ሊያርሱ ሄዱ» ነው የሚለው። በሬ ቀንበር ተሸክሞ የሚውልበትንና እናት የወለደች ልጇን የምትንከባከብበትን ሥራ አማርኛ በአንድ ቃል «ማረስ» ብሎ መጥራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የባሌ በሬስ ዛሬ ጥቂት ተገላግሏል፤ በሮቤና በሲናና ሜዳ ስንዴውን ትራክተር ያርሰዋል፣ ኮምባይነር ያጭደዋል። አያትን የሚተካ ማሽን ግን እስካሁን አልመጣም።

እስቲ ምሳሌያችንን ከአንገቱ እናንሳ። አንገቱ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐረና ደን ጥግ ያለች ከተማ ናት። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ተካይ ሳይፈልግ ይበቅላል፤ የንብ ቀፎው ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላል። ከዚያ የተነሱ አያት ወደ ጎባ ለመውጣት ደኑን አቋርጠው፣ በሪራ በኩል አድርገው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ በብርድ ይሻገራሉ። ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ደግሞ ውቅያኖስ ማዶ። ይህን ሁሉ የተሻገሩ ሴት ሚኒሶታ ሲደርሱ ከአፓርታማው በር እስከ መንገዱ ማዶ ያለውን ሃያ እርምጃ መሻገር ያቅታቸዋል። አቅም አንሷቸው አይደለም። ቁልፍ ስላልተሰጣቸው፣ ቋንቋ ስለሌላቸው፣ ሕፃኑም እጃቸው ላይ ስለሆነ ነው።

አገር ቤት አራስ የአንድ ሰው ሥራ አይደለችም። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች፣ ሦስተኛዋ ቡና እያፈላች ወሬ ታመጣለች። አርባ ቀን እስኪሞላ ቤቱ ሰው አያጣም። አያት በዚህ መሐል አዛዥ ናቸው። እዚያ ማዶ ግን ገንፎውም፣ እጥበቱም፣ ወሬውም አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ወሬው ደግሞ ሰሚ የለውም። ቡና እንኳ ልቁላ ቢሉ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ይጮኽባቸዋል። ከቡና አገር ለመጣ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ አለ?

ነገሩን ያከፋው የልጅቷ ክፋት ነው ብዬ ግን አልፈርድም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለወላድ ሠራተኛ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ዓመት ለሠራች። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ የተሻለ ሕግ አውጥተዋል። እኛ «ኋላ ቀር» የምንባለው ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ እንሰጣለን። የሕፃናት ማቆያ ዋጋው የቤት ኪራይ ያህል በሆነበት አገር፣ ሥራዋን እንዳታጣ የምትሮጥ ልጅ ዓይኗ እናቷ ላይ ቢያርፍ ምን ይደንቃል? ብዙዎቹ ልጆቻችን ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። አስቡት፤ ልጅቷ ሌሊቱን የሌላ ሰው አያት በሰዓት ሒሳብ ስታጥብ ታድራለች፤ የራሷ እናት ደግሞ ያለ ሰዓትና ያለ ሒሳብ የእሷን ልጅ ያጥባሉ።

የጉብኝት ቪዛ ይዞ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት ስድስት ወር ነው። ቤተሰቡም ይህንን ቀምሮታል። የሚስት እናት ሲወጡ የባል እናት ይገባሉ፤ ቦሌ ላይ የሚተላለፉ የዱላ ቅብብል ሯጮች በሏቸው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ግን አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል አደረገችው። ቪዛው የሚያገለግልበትና እዚያ የሚቆዩበት ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ቢሆንም ደርሶ መመለሱ ከበደ። ሲከብድ ደግሞ «ከመጣሽ አይቀር» የሚባል ነገር ይመጣል። ከመጣሽ አይቀር ትንሽ ቆዪ፤ ከመጣሽ አይቀር ግሪን ካርድ ይውጣልሽ።

ግሪን ካርዱ ሲወጣ ሌላ ገመድ ይመጣል። ያለ ልዩ ፈቃድ ከዓመት በላይ አገር ቤት ከቆዩ ነዋሪነታቸውን እንደተዉ ይቆጠራል። ስለዚህ አያት ወይ እዚህ ወይ እዚያ ሳይሆኑ ካርድ ሲያድኑ ይከርማሉ። ዜግነት ልውሰድ ካሉ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ዕድሜያቸው 55 ሞልቶ በነዋሪነት 15 ዓመት ከኖሩ፣ ወይም 50 ሞልቶ 20 ዓመት ከኖሩ በራሳቸው ቋንቋ መፈተን ይችላሉ። በስልሳ ዓመታቸው የሄዱ አያት ይህ መብት የሚደርሳቸው በሰባ አምስት ነው ማለት ነው። ላሳርፍሽ የተባለው ዕረፍት እንግዲህ ይኸው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አቤት የሚሉበት ቦታ ማጣታቸው ነው። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስትዳር የምትቀበለው ሲንቄ የሚባል በትር አለ። ክብሯ የተነካባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ የሰሙ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው፣ በትራቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ ገብቶ በዳይ እስኪክስ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ከዚህ ባህል የወጡ ሴት አፓርታማ ውስጥ ሲከፋቸው ወዴት ይውጡ? ማን ይከተላቸዋል? ለልጃቸው ቢናገሩ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አገር ቤት ቢደውሉ «ምን ጎደላቸው፣ አሜሪካ ተቀምጠው!» ይባላል። ስለዚህ ዝም ይላሉ። ሥራው ስም ስለሌለው በደሉም ስም የለውም።

አገር ቤት የቀረውንም አንርሳ። አያት እኮ ሚስትም ናቸው። ጎባ ላይ አንድ ሽማግሌ ሽሮ የሚሠራለት አጥቶ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር፣ ባሏ ሳይሞት ጋለሞታ እንደሆነች ሴት፣ እሱም ሚስቱ ሳትሞት ብቻውን ቀርቷል። የእድሩ መዋጮ በስልክ ሊከፈል ይችላል፤ ለቅሶ ግን በስልክ አይደረስም። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመለሱት አያት ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ያልደረሱባቸውን ለቅሶዎች በየቤቱ እየዞሩ መክፈል ይጀምራሉ።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበርኩ ይህን ሴት በመጻሕፍትና በፊልም ውስጥ ፈልጌያታለሁ። የለችም ማለት ይቻላል። በእኛ ጥበብ ስደተኛው ወጣት ነው፤ እናት ደግሞ ቀሪ ናት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ትልቅ ሥራ ነው፤ እናቲቱ ግን ከባሕር ማዶ የሚመለስ ልጃቸውን መንደር ተቀምጠው የሚጠብቁ ናቸው። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋሽንግተን ላይ ትንሽ ሱቅ ያለውን ሰው ብቸኝነት ግሩም አድርጎ ይነግረናል፤ እናቱ ግን አዲስ አበባ ናቸው። ዘፈኑማ አይነሳ፤ እናት በር ላይ ቆማ እንባ ስታፈስ ሃምሳ ዓመት አለፋት። እውነተኛዋ እናት ግን ከበሩ ከተነሳች ቆይታለች። አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ሄዳ፣ የሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። ደራሲዎቻችን ልጁን ተከትለው ሄዱ እንጂ እሷን አልተከተሏትም። ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ዕረፍት መስሎ ይታያል፤ ዋይት ሐውስ ፊት በካፖርት የተነሳችው ፎቶ ብቻ ሳሎን ላይ ይሰቀላል።

«አያት ያሳደገው» ብለን ልጅ እንሰድባለን። ስድቡ ውስጥ ግን አንድ ምስክርነት አለ፦ አያት ለማቅበጥ ጊዜም ሥልጣንም ነበራቸው ማለት ነው። ተረት ይነግሩ ነበር፣ ከአባት ዱላ ያስጥሉ ነበር። ማዶ ያለው የልጅ ልጅ «አኮ» ማለትን ይለምዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ እሳቸውን ማስተርጎም ይጀምራል። ተረቱ እሳቸው ጋ ይቀራል።

ታዲያ አይሂዱ ወይ? እንደሱ አላልኩም። የልጅ ልጅን ማቀፍ የማይፈልግ አያት የለም፤ ያች ብቻዋን የምታምጥ ልጅም እናቷን መጥራቷ ነውር አይደለም። ነውሩ ሥራን ዕረፍት ብሎ መጥራት ነው። «እማዬ፣ ቸግሮኛል፤ ስድስት ወር እርጂኝ» ማለት ምን ያሳፍራል? እናት በዚህ ቃል ከተጠሩ መቼ እንደሚጨርሱ ያውቃሉ፤ ደክሞኛል ለማለትም አፍ ያገኛሉ። አባትም ይጠየቁ፤ ሚስት የጋራ ናት እንጂ የልጅ ብቻ አይደለችም። የሕክምና ዋስትናው ከትኬቱ በፊት ይገዛ። ቁልፍ ይሰጣቸው። ለሥጦታ መግዣ ሳይሆን የራሳቸው የሆነ ገንዘብ በየወሩ እጃቸው ይግባ። በሳምንት አንድ ቀንም እንደ እምነታቸው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ እነሱ የተሰደዱ እኩዮቻቸው ዘንድ ይዋሉ፤ ሲንቄው ባይኖር እንኳ የሚያዳምጥ ሴት አይጥፋ። የመመለሻው ቀንም በእሳቸው አፍ ይወሰን።

ከማረፍ ትርጉሞች ውስጥ ለእናቶቻችን የመጀመሪያውን እናስቀድምላቸው። የመጨረሻው እንደሆነ ማንም ሳይጋብዛቸው ይመጣል።