ሞትና የክፍያ መጠየቂያው

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሰው በድንገት ሲሞት ኮሮነር የተባለው ሹም ይጠራ ነበር። ኮሮነሩ ቢያንስ 12 የአካባቢውን ወንዶች ሰብስቦ ጁሪ አድርጎ ያስምላል። እነሱም ብዙ ጊዜ በመንደሩ መጠጥ ቤት ተሰይመው ሬሳውን በዓይናቸው ያያሉ፣ ምስክር ይሰማሉ፣ በአሟሟቱ ላይም ብይን ይሰጣሉ። ሮይ ሀኒሴት አዘጋጅተውት የዊልትሻየር ሬከርድ ሶሳይቲ በ1981 ያሳተመው «የዊልትሻየር ኮሮነሮች የክፍያ መጠየቂያዎች 1752–1796» በዊልትሻየር አውራጃ የዚህ ሥራ ቅሪት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሲገልጡት የሞት መዝገብ ይመስላል። የተጻፈው ግን ገንዘብ ለመጠየቅ ነው፤ የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለትም ከዚሁ ይመነጫል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። በ1487 በወጣ ሕግ ኮሮነር 13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ የሚያገኘው ሟቹ በሰው እጅ ሲገደል ብቻ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ለሞተ ወይም ወንዝ ለወሰደው ሰው ሥራውን በነጻ እንዲሠራ ይጠበቅበት ነበር። የ1752ቱ ሕግ ይህን ለወጠው፤ ብይኑ ምንም ይሁን ምን ለእያንዳንዱ ምርመራ 20 ሽልንግ፣ ለተጓዘበት ለእያንዳንዱ ማይል ደግሞ 9 ፔኒ ከአውራጃው ግብር እንዲከፈለው ደነገገ። ኮሮነሩ ገንዘቡን ለማግኘት በዓመት አራት ጊዜ ለሚሰየሙት የሰላም ዳኞች ዝርዝር ማቅረብ ነበረበት። ሀኒሴት ያሳተሙት ይህንኑ ዝርዝር ነው።

መጽሐፉን የወደድኩት ለዚህ ነው። በዘመኑ ስለ ተራ ገበሬ ኑሮ የጻፈ ጥቂት ነው፤ ስለ አሟሟቱማ ማን ይጽፋል? እዚህ ግን ውኃ የወሰደው፣ ጋሪ የደፈጠጠው፣ እሳት ያቃጠለው ሕፃን ሳይቀር ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ ሰፍሯል። ሃያ ሽልንግ ለአንድ የእርሻ ሠራተኛ የሁለትና የሦስት ሳምንት ደመወዝ ነበር። በሕይወቱ ማንም ያላየው ድሃ ሲሞት አውራጃው ይህን ያህል አውጥቶ «ምን ገደለው?» ብሎ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን አንባቢ ዝርዝሩን እንደ ሕዝብ ቆጠራ እንዳይወስደው አደራ እላለሁ። ከ1752 በኋላ የአደጋ ሞት በብዛት ብቅ ቢል፣ አደጋው በዛ ማለት አይደለም፤ ምርመራው የሚከፈልበት ሆነ ማለት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቦርሳውን የያዙት ዳኞች «ይህ ምርመራ አላስፈለገም» ብለው ክፍያ የመከልከል ሥልጣን ነበራቸው። በ1809 የንጉሡ ከፍተኛ ችሎት ይህን ያደረጉትን የኬንት ዳኞች ደግፏል። ኮሮነሩ ክፍያው ይከለከላል ብሎ ሲሰጋ ከምርመራው ይቀራል፤ ሬሳውም ሳይመረመር ይቀበራል፤ በመዝገብም አይገኝም።

ገንዘቡ ብይኑንም ነክቶታል። ሐኪም ለምስክርነቱ በሕግ የተወሰነ ክፍያ ያገኘው ገና በ1836 ነው። ስለዚህ ሬሳ ከፍቶ መመርመር ብርቅ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት «በእግዚአብሔር ጉብኝት ሞተ» ተብሎ ሲዘጋ፣ ከብይኑ በስተጀርባ እምነት ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ ሐኪምም አለ። ራሱን ባጠፋ ሰው ላይ የሚሰጠውም ብይን እንዲሁ ነው። ሟቹ አስቦበት አደረገው ከተባለ ንብረቱ ይወረሳል፣ የክርስቲያን ቀብርም ይነፈጋል። የታሪክ ተመራማሪዎቹ ማይክል ማክዶናልድና ቴረንስ መርፊ በ1990 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ጁሪዎች አዘውትረው «አእምሮው ታውኮ ነበር» ይሉ ነበር። ውሳኔው የርኅራኄ ይሁን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደህይታ የደብሩ ሸክም እንዳትሆን የታሰበ፣ ከአንድ መስመር የክፍያ ጥያቄ ማወቅ አይቻልም።

የመጽሐፉ ዋና ጉድለትም ይኸው ዝምታ ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው ሴት ምን አለች? ጎረቤት ምን ጠረጠረ? ለክፍያ አያስፈልግምና አልተጻፈም። ከ1760 እስከ 1799 ያለው የዌስትሚንስተር የምርመራ ሰነድ የምስክሮችን ቃል ይዞ ቆይቷል፤ ዛሬ በኢንተርኔትም ይነበባል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የዊልትሻየሩ ምን እንደጎደለው ወዲያው ይገባዋል።

ሀኒሴት ሰነዱ የማያውቀውን አላናገሩትም፤ ይህ የጥሩ አዘጋጅ ወግ ነው። የተረፈው የአንባቢው ድርሻ ነው፦ እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ማን እንደከፈለና ማን አልከፍልም ሊል ይችል እንደነበር መጠየቅ አለበት። እንዲህ ከተነበበ መጽሐፉ ስለ ድሃ ሞት ካሉን ምስክሮች መካከል እጅግ ከሚታመኑት አንዱ ነው።