ጠመንጃ ያልነበራት ልጅ

አማርኛችን አንዳንዴ ጉድ ያሰማል። «ደፋር» ስንል እናወድሳለን፤ «ደፈራት» ስንል ደግሞ ከወንጀልም የከፋውን ወንጀል እንናገራለን። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ያሳየውን ፊልም «ድፍረት» ያለው ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ነው። ርዕሱን ወድጄዋለሁ። ጥያቄዬ ፊልሙ ሲያልቅ የትኛው ድፍረት አብሮን ይወጣል የሚል ነው።

ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ በደረሰ እውነተኛ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ትደፈራለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ትገድለዋለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ትዝታ ሐገሬ ሂሩትን ስትጫወት ብዙ አትናገርም፤ ዝምታዋ ግን ልብ ይሰብራል። ሜሮን ጌትነትም ጠበቃዋን ያለ ጩኸት ይዛታለች። ፊልሙ በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ግን ልብ በሉ። ልጅቷ ነፃ የወጣችው ከነፍስ ግድያ ክስ ነው። ደፋሪው ስለሞተ፣ ስለ መድፈሩ የተጠየቀ ሰው የለም። እኛም አጨብጭበን እንወጣለን።

ጠመንጃ ያላገኘችዋስ? እዚያው አርሲ፣ በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት፤ ሰውዬው በዋስ ወጥቶ ዳግም ጠለፋት፤ የጋብቻ ውልም አስፈረማት። እሷ ሕግን አምና ከሰሰች። የወረዳው ፍርድ ቤት በ1995 ዓ.ም. 10 ዓመት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው በ1996 ዓ.ም. ለቀቀው። የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን፣ መንግሥት ልጅቷን አልጠበቃትም ብሎ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት የወሰነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት እንግዲህ፤ 15 ዓመት።

«አሁንማ ሕግ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘጋው። ከመደፈር የመጣ ፅንስን በሕክምና ለማቋረጥ የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል ይላል፤ አንቀጽ 552። አንቀጽ 620 ደግሞ ለደፋሪ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ፣ ጉዳቱ ሲከብድ ቅጣቱን ያከብዳል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ትንሿን ቃል አትዝለሉ» እል ነበር፤ እዚህም አንዝለል። አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» የምትል ሐረግ አለችው። በሁለት ቃል ባለትዳር ሴት ሁሉ ከጥበቃው ወጣች። ያ የጋብቻ በር፣ ተዘጋ ሲባል ገርበብ ብሎ ኖሯል።

በእኛ በጅማና በአጋሮ በኩል ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ጃርሱማ። ጃርሱማን አልንቅም፤ ስንቱን የደምና የድንበር ጠብ አብርዷል። ነገር ግን ልጅ ተደፈረች ሲባል ከሐኪም በፊት ሽማግሌ ይጠራል። ካሳው በፈረሱላ ቡና ይሁን በጥሬ ብር ሲባባሉ ቀን ይነጉዳል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ልብሷም ይታጠባል፣ ማስረጃውም አብሮ ይፈስሳል። ከዚያ መዝገቡ «በማስረጃ እጦት» ተዘጋ ሲባል እንገረማለን። ካሳውን የሚቀበለው አባት ነው፤ ልጅቷን የጠየቃት የለም። ፊልሙ ይህን ሸንጎ በደንብ አሳይቶናል፤ እኛ ግን የሌላ አገር ነገር አድርገን አየነው።

ከተደፈረች ልጅ ጀግንነት መጠበቁ ይብቃን። ድፍረቱ የሚያስፈልገው «መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ፖሊስ» ለሚል አባት፣ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ የዓቃቤ ሕግ ነው» ብሎ ከዛፉ ሥር ለሚነሣ ሽማግሌ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን ቃል ለሚያምን ዳኛ ነው። እነዚህ ከደፈሩ እሷ ጠመንጃ አያስፈልጋትም።