ብርሃን ሁሉ ግንኙነት አይደለም፦ የአይጥ አንጎል ካርታ ሲመዘን

የአንድ ነርቭ ሕዋስ ክር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ማወቅ ለአንጎል ተመራማሪዎች የቆየ ፈተና ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ነርቭ ቆርጠው የሚመነምነውን ክር ይከተሉ ነበር። ቆይቶ እየሞተ ያለውን ክር በብር ማቅለም መጣ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሕዋሱ ራሱ ተሸክሞት የሚጓዝ መከታተያ ኬሚካል መውጋት ተለመደ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ የራሱን ጥቂት እንስሳት፣ የራሱን ማቅለሚያና የራሱን ስያሜ ይዞ ስለሚሠራ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማመሳከር አስቸጋሪ ነበር።

በሲያትል የሚገኘው የአለን የአንጎል ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2014 በኔቸር መጽሔት ያሳተመው የአይጥ አንጎል ኮኔክቶም፣ ማለትም የነርቭ ትስስር ካርታ፣ ይህን ችግር ለመፍታት የተነሳ ሥራ ነው። ቀዳሚው ጸሐፊ ሱንግ ዉክ ኦህ ሲሆን ከመሪዎቹ አንዷ ሆንግኩይ ዜንግ ናት። ጥናቱ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የትኛው ጎኑ እንደጸና፣ የትኛው እንደላላ ለመለየት በቂ ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲመረት የሚያደርግ፣ በሽታ የማያመጣ ቫይረስ በአንድ አይጥ አንጎል አንድ ቦታ ላይ በጥቂቱ ይገባል። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ፕሮቲኑን አምርተው እስከ ክሮቻቸው ጫፍ ይሞሉታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንጎሉ ወጥቶ በአጋሮዝ ጄል ተጠቅልሎ ከማይክሮስኮፕ ሥር ይቀመጣል። ሌዘሩ ከተቆረጠው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ፎቶ ያነሳል፣ የሚንቀጠቀጥ ምላጭ 100 ማይክሮሜትር ቀርፎ ይጥላል፣ ሌዘሩ እንደገና ያነሳል። አንድ አንጎል እንዲህ 140 ጊዜ ይነሳል፤ ከእያንዳንዱም 750 ጊጋባይት ገደማ መረጃ ይገኛል። ጥናቱ የተመሠረተው በ469 እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ላይ ሲሆን፣ መርፌዎቹ 295 የአንጎል ክፍሎችን ለማዳረስ የታቀዱ ናቸው።

ትልቁ ጥንካሬው ወጥነቱ ነው። የአይጦቹ ዝርያና ዕድሜ፣ ቫይረሱ፣ መሣሪያው፣ ምስሎቹ የተገጠሙበት መለኪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ምስሎቹም ለማንም ክፍት ሆነው ተለቀዋል። የሥራው ፍሬ በተለይ በፊተኛው አንጎል ይታያል፤ በኮርቴክስ፣ ማለትም በአንጎሉ ውጫዊ ንብርብር፣ ጎረቤት የሆኑ አካባቢዎች ከሥሩ ወዳለው ስትራያተም ሲልኩም ጉርብትናቸውን ጠብቀው እንደሚያርፉ፣ በአንጎሉ መሐል ያለው ታላመስም ለኮርቴክስ የሚልከው በተመሳሳይ ሥርዓት እንደሆነ በአንድ ዕይታ ማነጻጸር ተችሏል። የመማሪያ መጻሕፍት በቀስት ብቻ ያመለክቱት የነበረው ግንኙነትም መጠን አገኘ። በጣም ብርቱው ከደካማው ከ100,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ብርቱዎቹ ጥቂት፣ ደካሞቹ ብዙ ናቸው።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ይኸው መጠን ላይ ነው። የተለካው በአንድ ክፍል ውስጥ ያበራ ፒክስል ብዛት ነው። ክር ግን ሳያቆም በሚያልፍበትም ቦታ ያበራል፤ አውቶቡስ በአንድ ሰፈር ስላለፈ ብቻ እዚያ ተሳፋሪ አወረደ አይባልም። ተመራማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ትልልቆቹን የክር ጎዳናዎች ከስሌቱ አውጥተዋል። ነገር ግን የአይጥ ስትራያተም ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ከኮርቴክስ ወደ አንጎል ግንድ የሚወርዱት ክሮች ነዶ ነዶ እየሆኑ መሐሉን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ምስሉን የሚያይ ሰው ጥቅጥቅ ያለውን ነዶ በዙሪያው እንደ ጭጋግ ከተበተነው የክር ጫፍ ይለያል፤ ቁጥሩ ግን ሁለቱንም ደምሮ ያቀርባል።

ሁለተኛው ጉድለት ከጥልቀት ጋር የተያያዘ ነው። በምስሉ ወርድና ቁመት ጥራቱ 0.35 ማይክሮሜትር ነው፤ ወደ ታች ግን የሚነሳው በየ100 ማይክሮሜትሩ አንድ ስስ ገጽ ብቻ ነው። በሁለት ገጾች መካከል ያለ ቀጭን ቅርንጫፍ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ክር በክር እየተከተሉ መሄድ አይቻልም፤ ካርታው የክፍሎች እንጂ የሕዋሳት አይደለም።

ሦስተኛው በስሌቱ ውስጥ የተቀበረ ግምት ነው። በመርፌ የገባው ቫይረስ ብዙ ጊዜ ወደ ጎረቤት ክፍል ስለሚፈስ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት አንድ ክፍል በሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ተወሰደ። ኮርቴክስ ግን ድርብርብ ነው፤ ስድስተኛው ንብርብር ወደ ታላመስ ሲልክ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በአብዛኛው ለኮርቴክስ ለራሱ ይልካሉ። አማካዩ ይህን ሁሉ ያደበዝዘዋል። አይጦቹ ወንድ ብቻ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ኋላ የመጡት ሥራዎች የትኛው ክፍተት እንደሚሞላ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውሮን መጽሔት የወጣ፣ ከክር ጫፍ ወደ ሕዋሱ የሚመለስ መከታተያ የተጠቀመ ጥናት፣ በአይጥ ኮርቴክስ ሊኖሩ ከሚችሉት ትስስሮች 97 በመቶው እንዳሉ አገኘ። ይህ ከሆነ «አለ ወይስ የለም» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነግረንም፤ ቁም ነገሩ የመጠን ልዩነት ነው። መጠኑ ትክክል ካልተለካ ደግሞ ካርታው በሙሉ ይናጋል። ኢንስቲትዩቱ ራሱ በ2019 ሕዋሳቱን በዓይነትና በንብርብር ለይቶ የኮርቴክስንና የታላመስን ትስስር በአዲስ መልክ ሠርቷል፤ በዚያው ዓመት የጃኔሊያ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች 1,000 ነጠላ ነርቭ ሕዋሳትን እስከ ጫፋቸው ተከትለው፣ አንድ ቦታ ያሉ ሕዋሳት ወደተለያየ መድረሻ እንደሚልኩ አሳይተዋል።

ስለዚህ ፍርዴ ሁለት መልክ አለው። ምስሎቹ ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ነገ የተሻለ የስሌት ዘዴ ቢመጣ እንኳ መልሰው ሊነበቡ ይችላሉ። ከምስሎቹ የተሰላው የትስስር መጠን ሰንጠረዥ ግን የዚያን ጊዜ ንባብ ነው፤ ሰንጠረዡን ብቻ አውርዶ የአንጎል ሞዴል የሚገነባ ሰው የሚያልፈውን ክር ከሚያርፈው ጋር ደባልቆ ይወርሳል። አንድ ቁጥር ለክርክር መሠረት ከመሆኑ በፊት ያ ቁጥር የወጣበትን ሙከራ ከፍቶ መርፌው የት እንደገባ፣ ብርሃኑም ነዶ ይሁን ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። ኢንስቲትዩቱ ምስሎቹን ክፍት ስላደረገ ይህን ላለማድረግ ሰበብ የለም።