በአውራ ጣት ያልተፈተነ ቀለም ልጅ ፊት አይድረስ

የልደት ድግስ ላይ የልጅ ፊት ነብር ተመስሎ ሲቀባ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ድምቀቱን ነው። «ቢጫው እንዴት ደምቋል!» ይባላል፤ ልጁ ግን ዐይኑን በእጁ ጀርባ እያሸ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ። ድምቀትማ የምግብ ቀለም ጠብ ያደረገ ሁሉ ያመጣዋል። ሙያው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራውን የፊት ቀለም አሠራር ሁሉም ያውቀዋል፤ የበቆሎ ስታርች፣ ሽታ የሌለው የልጅ ቅባት፣ ጥቂት ውሃ፣ የምግብ ቀለም። የትምህርት ቤት የሥዕል ቀለም «መርዝ የለውም» ተብሎ ቢጻፍበትም የተሠራው ለወረቀት እንጂ ለቆዳ አይደለም። ኩል ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ሊገኝ ስለሚችል ለሕፃን አይሆንም። ሎሚም አይገባበትም፤ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆጣ ይችላል። ይህ የታወቀ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እኔ የምፈትሸው ጓል መኖሩን ነው። ከቀለሙ ጥቂት ወስጄ በእጄ አንጓ ውስጠኛው በኩል አኖርና በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ብቻ እስበዋለሁ። የተዋጣለት ቀለም ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ይተኛል። ያልተዋጣለት ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ወይም ጣት ሥር ይኮሰኩሳል። ከዚያ እስኪደርቅ እቆይና አንጓዬን አጥፌ እዘረጋዋለሁ። ዱቄት ካራገፈ፣ ልጁ ሲስቅና ሲሮጥ ያ ዱቄት የሚገባው ዐይኑ ውስጥ ነው።

ጓል የችኮላ ልጅ ነው። ስታርቹ ላይ ውሃውን በአንዴ የደፋ ሰው የፈለገውን ያህል ቢያማስል እንደ ጓጎለ ገንፎ ደረቅ ፍሬ ውስጡ ይቀራል። ስታርቹ መጀመሪያ በቅባቱ ይታሻል፤ ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገ ይከተላል፤ በመጨረሻ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጨመቃል። ይህን የዘለለ አልሠራም። ጓሉን በቫዝሊን የሚሸፍኑም አሉ። ቅባት ሲበዛ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጣትንም ያታልላል፤ ግን አይደርቅም፣ ልጁ ሲያልበው ቁልቁል ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የእርድ ቢጫ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» ብለው ከገበያ የተፈጨ እርድ ይጨምሩበታል። የት እንደተፈጨ የሚጠይቅ የለም። በርበሬና ሚጥሚጣ በሚፈጭበት ወፍጮ ከሆነ፣ ወጥ ውስጥ ልብ የማይባለው ቅሪት የሕፃን ዐይን ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ባልነካው ሙቀጫ ያልተወቀጠ፣ በስስ ወንፊት ያልተነፋ እርድ ቀለም ውስጥ አይገባም። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የአውራ ጣቱን ፍተሻ ያየሁት ብራና ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጎንደር የማውቃቸው አንድ መሪጌታ ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ቀምመው ለወራት ያቆዩት ነበር። ደቀ መዝሙሩ «ደርሷል» ሲላቸው ቀለሙን አያዩትም። አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጠብ አድርገው በሌላው ጣት ያሹታል። አንዲት ፍሬ ከተሰማቻቸው ወደ መፍጫው ድንጋይ መመለስ ነው። ልጁ «ጥቁረቱን ይዩት እንጂ» ብሎ ሲከራከር፣ «ጥቁረቱማ የጥላሸቱ ነው፤ ያንተ ሥራ ልስላሴው ነው» ይሉት ነበር። ለብራና የተደረገውን ጥንቃቄ ለሕፃን ጉንጭ የምቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

አዲስ አበባ ደግሞ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበሩ። ከቀለሙ ጥቂቱን ከአንድ ቀን በፊት የልጁ ክንድ ላይ ቀብተው ካላዩ ፊቱን አይነኩም፤ ዐይን አጠገብ ሲደርሱም አንድ ጣት ያህል ይተዋሉ። ለበዓሉ ጠዋት እንደገና ይሠሩታል። ወላጆች «ትርፉ ለነገ ይሁን» ሲሏቸው ዕቃውን እዚያው ያጥቡት ነበር። ልክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች የተሸጠ የፊት ቀለም አሳክኮና አሳብጦ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሕዋስያን አግኝቶበታል። የፋብሪካው እንዲህ ከሆነ፣ ውሃና ስታርች ያለበት የቤት ቀለም አንድ ሌሊት ካደረ ልስላሴውን መፈተሽም አያስፈልግም፤ ይደፋል።