ወረቀቱ ለማን ተመረጠ?

በዚህ ዓመት ለልጆቻችን የታተመችው የአማርኛ ማንበቢያና መልመጃ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አሊ አዴ ስትላክ ብዙዎቻችን ተደስተናል። ሥዕሏ ያምራል፣ ፊደሏ ይነበባል፣ ወረቀቷም ያብረቀርቃል። ይሁን እንጂ የሚመሰገነውን አመስግነን የሚተቸውን ካልተናገርን በሚቀጥለው እትም ያው ስህተት ይደገማል። ትችታችን በወረቀቱ ላይ ነው።

በየገጹ ግርጌ ልጆቹ መልስ የሚጽፉበት ባዶ መስመር አለ። በእርሳስ ሲጽፉ እርሳሱ ያዳልጣል፣ ጽሑፉ አይወጣም። በእስክሪብቶ ሲጽፉ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ገጹ ይገለበጥና መልሱ ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ይጋባል። አንዲት ተማሪያችን «ቲቸር፣ መጽሐፉ አይጻፍበትም» ብላ መልሱን መዳፏ ላይ ጽፋ አሳየችን። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ደጅ ፀሐይ ላይ ሲነበብማ ነጸብራቁ ዓይን ይወጋል።

እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን የመረጥነው እኛው መምህራን ነን። ምክንያትም ነበረን። ያለፈው ዓመት መልመጃ በኢንክጄት ፕሪንተር፣ በስስ ወረቀት ነበር የታተመው። የኢንክጄት ቀለም ፈሳሽ ስለሆነ ርካሽ ወረቀት ላይ ይሰራጫል። የ«ሴ» ቀለበት ተደፍኖ ልጆቹ ከ«ሲ» መለየት አቃታቸው፤ የጀርባው ጽሑፍም ወደ ፊት ይታይ ነበር። ከዚያ ስንሸሽ አንጸባራቂው ላይ ወደቅን፤ ከድጡ ወደ ማጡ!

መፍትሔው መሐል ላይ ነበር። ሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለሙን በሙቀት አቅልጦ ስለሚያጣብቅ በተራ ወረቀትም ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያወጣል። ስለዚህ ለውስጥ ገጾች የማያብረቀርቅ 80 ግራም ወረቀት ይበቃል። 80 ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ኤ4 የዚያ 1/16ኛ በመሆኑ አንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል። ባለ 32 ገጿ መጽሐፋችን ከ8 ሉክ ታጥፋ ስለምትሠራ 40 ግራም ትሆን ነበር። በመረጥነው 130 ግራም ወረቀት ግን 65 ደረሰች። ለትርፉ ክብደት ከፍለን የማይጻፍበት ገጽ ገዛን ማለት ነው። ወፈር ያለው ወረቀት ለሽፋኑ ብቻ ይሁን።

ሁለት ነገር እንጨምር። ለኢንክጄት የተሠራ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ አይግባ፤ ልባሱ በሙቀቱ ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ይችላል። የጅቡቲ ከተማ አየርም የባሕር አየር ነው። የተከፈተ ደስጣ ወረቀት እንዲሁ ካደረ እርጥበት ይስባል፣ ሲታተም ይጠቀለላል፣ ማሽኑም ውስጥ ይቀረቀራል። የተረፈውን በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

የአገራችን የብራና ጸሐፊ ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ሳያበቃ ብዕሩን አያነሳም። እኛ ግን ጽሑፉን ስናርም ወራት ፈጅተን ወረቀቱን በአንድ ስብሰባ፣ በዓይናችን ብቻ ወሰንን። በጣታችን እንኳ አልዳሰስነውም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም የምንጠይቀው ቀላል ነው። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ታትሞ ወደ ክፍል ይምጣ። ተማሪዎቹ በእርሳስ ይጻፉበት፣ በላጲስ ያጥፉት፣ ፀሐይ ላይ ያንብቡት፣ «ሴ»ን ከ«ሲ» ይለዩ። መጽሐፏን ዓመቱን ሙሉ የሚይዟት እነሱ ናቸውና ምርጫውም ከእነሱ ይጀምር። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች እስቲ ጻፉልን።