እጅ የሚያሳርፍ ማሰሪያ

መስከረም 21 ቀን ለግማደ መስቀሉ በዓል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሄደ፣ አምባው አናት ሳይደርስ ጥፋቱ ይገባዋል። ዳገቱ ሰውን ያጎነብሳል፤ ባጎነበሰ ቁጥር ካሜራው ከደረቱ ተነስቶ ይወዛወዛል፣ ቀና ሲል ተመልሶ ይጎስመዋል። ነጠላው ከማንገቻው ጋር ይጠላለፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደርሶ ሊሳለም ጠጋ ሲል ደግሞ ከግንባሩ ቀድሞ ግድግዳውን የሚሳለመው ሌንሱ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ያንሸራትታል፤ ከሕዝቡ ጋር እየተጋፉ ሲወጡ አንድ እጅ ለዱላ ወይም ድንጋይ ለመያዝ ነጻ መሆን አለበት። እንዲህ ላለው ጉዞ ካሜራው ከአንገት ወርዶ እጅ ላይ ቢታሰር እንደሚሻል ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው በምን ይታሰር የሚለው ነው።

ገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ የአንጓ ማሰሪያ ነው፤ እጅ የሚገባበት ቀለበት ሆኖ ከካሜራው አንድ ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው የመዳፍ ማሰሪያ ነው፤ በእጅ ጀርባ ላይ አልፎ ላይኛውን ጆሮና ከካሜራው ሥር በብሎን የሚታሰረውን ሳህን ያገናኛል። ገዢው የትኛውንም ቢያነሣ የሚፈትነው በአንድ መንገድ ነው፤ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ስፖንጁ ከሰመጠና ተመልሶ ከተነፋ «ይመቻል» ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። የእጅ ማሰሪያ ምቾት ካሜራውን በያዙበት ሰዓት አይታወቅም፤ ያኔ ክብደቱን የተሸከሙት ጣቶች ናቸው፣ ማሰሪያው ሥራ ፈት ነው። ሥራ የሚጀምረው ጣቶቹ ሲከፈቱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ማሰሪያ ማለት እጅን ሙሉ በሙሉ እንዲፈታ የሚያደርግ ነው፤ ምርመራውም ሁሉ ወደዚያች ቅጽበት መሄድ አለበት።

እጅ ሲፈታ ምን ይሆናል? ክብደቱ በሙሉ አንጓ ላይ ያርፋል። ሶኒ ኤ7 3 ከባትሪው ጋር 650 ግራም ነው፤ አብሮት የሚሸጠው 28-70 ሌንስ ሲጨመርበት 945 ግራም ይሆናል። ኒኮን ዲ850 ግን ያለ ሌንስ፣ ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 1005 ግራም ነው፤ 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ከነማረጋጊያው 1070 ግራም ሲጨምርበት ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ይህን ሁለት ኪሎ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ገመድ ቢያንጠለጥሉትና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ቆዳ ቢያንጠለጥሉት ክብደቱ ያው ነው፤ ገላ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን በገመዱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስፖንጅ ይህን አያድነውም። ቀጭን ስፖንጅ በሁለት ኪሎ ሥር ጠፍጥፎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካን ከሥሩ ያለው ናይለን ነው። ከስፋቱ ይልቅ ደግሞ ጠርዙ ይበልጥ ያታልላል። ሰፊ ናይለን ጠርዙ ካልታጠፈ ወይም በቆዳ ካልተከፈፈ፣ በትንሿ ጣት በኩል አንጓው ላይ ጉብ ያለችውን አጥንት እንደ መጋዝ ይፈገፍጋታል። ስለዚህ ማሰሪያ ሲመርጡ መሀሉን በአውራ ጣት መጫን ትቶ ጠርዙን በእጅ አንጓ የውስጥ ገጽ ላይ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይበልጣል። ስስ ቆዳ ያለው እዚያ ነው፣ አይዋሽም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የደኅንነት ጉዳይ እንጂ የምቾት አድርጎ የማያየው ነው፤ መጋጠሚያው። ካሜራው ከእጅ ቢያመልጥና ማሰሪያው እስኪወጠር 20 ሳንቲ ሜትር ቢወድቅ፣ ከዚያም በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ የካሜራው ክብደት አሥራ አንድ እጥፍ ነው። ሁለት ኪሎው ለዚያች ቅጽበት ከ22 ኪሎ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ፒክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ ለጆሮ ማያዣ ክሮቹ 90 ኪሎ ይችላሉ ብሎ መመዘኛ ማውጣቱ ለጉራ አይደለም። ክሩ ሲበላ ከጥቁሩ ሥር ሌላ ቀለም ብቅ እንዲል አድርጎ መሥራቱ ደግሞ ከቁጥሩ የበለጠ ብልህነት ነው፤ ባለቤቱ ሳይገምት በዓይኑ ያያል። «ይህ ሁሉ ከምቾት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ማሰሪያውን ያላመነ ሰው እጁን እንዴት እንደሚይዝ ማየት ይበቃል። አንጓው ታስሮም ጣቶቹ ካሜራውን እንደጨበጡ ናቸው፤ አእምሮው ቢረሳ እጁ አይረሳም። ከሰዓታት መውጣትና መቆም በኋላ የሚደነዝዘው ይህ የማይፈታ ጭብጥ ነው እንጂ አንጓው አይደለም። ስለዚህ ለስላሳ ሆኖ የማይታመን ማሰሪያ ከሻካራው የባሰ ያደክማል።

መጋጠሚያን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የመጽሐፍ ማኅደር በቂ ትምህርት ነው። የግማደ መስቀሉን ታሪክ የያዘው መጽሐፈ ጤፉት በሚጠቀስበት በግሸን አምባ፣ ወይም ወረድ ብሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ብራና መጽሐፍ ከባድ ዕቃ መሆኑን ማንም ያውቃል። የድሮው ሠራተኛ የማኅደሩን ማንገቻ በሁለት ነጥብ ሰፍቶ አይተወውም። በጎንና ጎን በተሰፉ የቆዳ ማለፊያዎች ውስጥ እያሳለፈ ክዳኑንም ጭምር ያስይዘዋል፤ ሸክሙን አንድ ስፌት ብቻውን አይቀበለውም። የአንጓ ማሰሪያ ግን የሚንጠለጠለው ከአንድ ጆሮ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቆዳው የሚታጠፍበትን ቦታ መመርመር ግድ ነው። ቆዳው በቀለበቱ ዞሮ ሲመለስ በአንድ አግድም መስመር ብቻ ከተሰፋ መጥፎ ነው፤ የመርፌው ቀዳዳዎች ተደርድረው እንደሚቀደድ ቴምብር ያደርጉታል። አራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመሀሉ መስቀለኛ ከተደገመ ጥሩ ነው። ጆሮው ውስጥ የሚገባው የብረት ቀለበት ባዶ ብረት ከሆነ ካሜራውን ይፍቀዋል፤ ከሥሩ ትንሽ የቆዳ ክብ ጣል ያደረገ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ስለ ቆዳው ዓይነት ግሸን ያለበት ወሎ የራሱ ቃል አለው። ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲ ስሟን ለፍየል ሌጦ አውሳለች፤ በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ» ሲባል ለስዊድ የሚፈለገው ጥብቅና ጠንካራው የፍየል ሌጦ ነው። የደጋው በግ ሌጦ ደግሞ ለጓንት የተፈለገው ስስ ሆኖ ስለሚለጠጥ ነው። ልብ ማለት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ጓንትን ጥሩ ያደረገው መለጠጥ ማሰሪያን ያበላሸዋል። ሱቅ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ የበግ ሌጦ ማሰሪያ ክብደት ከያዘ በኋላ ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ካሜራው ይበልጥ ይወዛወዛል። የተሻለው አሠራር ሸክሙን ለበሬ ቆዳ ሰጥቶ ገላ የሚነካውን ወገን በፍየል መገበር ነው። ይህን ደግሞ አንድ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይሠራዋል፤ ልኩን፣ ስፌቱንና ገበሩን ለይቶ ላዘዘው ሰው ከውጭ ከመጣው የሚያንስ አይሆንም። የመስከረም ጭጋግና ላብ ግን የቆዳ ጠላቶች ናቸው። ናይለን ቶሎ ይደርቃል፤ ቆዳ ርሶ እሳት ዳር ከደረቀ እንደ ጠፍር ይገረራል።

የመዳፍ ማሰሪያ ፈተናው አጭር ነው። ካሜራውን ይዞ ጣቶችን ሁሉ መክፈት፣ ከዚያ እጅን ወደ ታች መዘቅዘቅ። ካሜራው ከመዳፍ ሳይርቅ ከቆየና ሌባ ጣት ሳትንጠራራ ማንሻው ላይ ከደረሰች ልኩ ነው። ሳህኑ የባትሪውን በር የሚሸፍን ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ይሁን መመለስ ነው። ለትልልቅ ካሜራዎች ይህ ዓይነቱ ከአንጓ ማሰሪያ ይበልጣል፤ ለትንንሾቹ ትርፍ ነው፣ ትንሿ ጣት ከእጀታው ሥር ወጥታ ስትንጠለጠል ማሰሪያው የሚይዘው ነገር ያጣል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ማሰሪያው ያን ያህል ጠንካራ ከሆነ፣ በግፊያ መሀል ካሜራው የሰው ልብስ ወይም ዱላ ቢይዝ ሰውዬውንም ይዞት ይሄዳል፤ ገደል ዳር ካሜራ ከሚያድን ይልቅ ቢበጠስ አይሻልም ወይ? ፍርሃቱ ትክክል ነው፣ መፍትሔው ግን ደካማ ስፌት አይደለም። መቼ እንደሚበጠስ የማይታወቅ ነገር ለማንም አይበጀውም። መለየት ያለበት ቀለበቱ ነው። በተሳበ ቁጥር እንደ ወጥመድ አንጓን የሚያንቅ ማሰሪያ አለ፤ እሱን መተው ነው፣ በደኅናው ሰዓት እንኳ ካሜራውን ሲያንጠለጥሉት ደም ያግዳል። ባለበት የሚቆም ማጥበቂያ ያለው፣ በሌላኛው እጅ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚላላና አውራ ጣትን አጥፎ ማውለቅ የሚቻል ይመረጣል። ሱቁ ውስጥ ይህን በቀኝ እጅ አስሮ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ በግራ እጅ መፍታት ይቻላል፤ ካልተፈታ ዳገት ላይም አይፈታም። ሁለት ካሜራ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የትከሻ ማንገቻ አሁንም ይሻላል፤ የእጅ ማሰሪያ ጫማ ለማውለቅ ጎንበስ ሲሉ እንኳ ካሜራውን መሬት ሊያስነካ ይችላል። ለዚህ ሲባል ርዝመቱ እጅ ተዘርግቶ ሲንጠለጠል ካሜራው ከጉልበት በላይ የሚቀር መሆን አለበት።